ረግረግ ላይ ኩሬ ለመቆፈር ፈቃድ ጠይቄ ጥያቄ በጥያቄ ሆኖ ተመለሰልኝ፤ ምን ብዬ ልመልስ?

ባለ መስኩ

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዬ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ከመሬቴ ዝቅ ያለው ክፍል ረግረግ ነው። ዝናብ ሲበረታ ውሃ ይተኛበታል፤ በደረቁ ወቅትም ቢሆን እግር ይውጣል። ፊላና ቄጠማ ሞልቶበታል። እዚያ መሃል ላይ 20 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ፣ 2 ሜትር የሚጠልቅ ኩሬ ማስቆፈር ፈለግሁ። ከብቶቹ እንዲጠጡበት፣ ዓሣ እንድለቅበት፣ ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ አትክልት እንዳጠጣበት። ውሃው እዚያው ስላለ ቦታው ራሱ «ቆፍረኝ» የሚል ነው የሚመስለው።

ማመልከቻ አስገባሁ። አንድ ገጽ ጽሑፍና በእጅ የተሳለ ንድፍ ነው። ከአካባቢው ገምጋሚ ኮሚቴ ደብዳቤ መጣልኝ። አልከለከሉኝም፤ ግን ጥያቄው መዓት ነው። ለምን እዚያ ቦታ? ሌላ አማራጭ አይተሃል? የሚወጣው አፈር የት ይሄዳል? የከርሰ ምድር ውሃው በየወቅቱ ስንት ላይ ይቆማል? ትርፍ ውሃው በየት ይወጣል? ማሽኑ በየት ይገባል?

ግራ የገባኝ አንድ ነገር ነው። እኔ ረግረጉን ላደርቅ አይደለም፤ ውሃ ልጨምርበት ነው። ኩሬ ለወፉም ለእንቁራሪቱም የሚጠቅም ይመስለኛል። ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ አማክሩኝ።

---

ነፃ ባለይዞታ

ወንድሜ፣ እኔ ነገሩ አይዋጥልኝም። መሬቱ ያንተ ነው። ፋብሪካ አልተከልክ፣ መርዝ አልደፋህ። ከብት የሚያጠጣ ሰው የአፈር ምርመራ አቅርብ መባሉ ድሃውን ከጨዋታ ማስወጣት ነው። ገንዘብ ያለው ባለሙያ ቀጥሮ ወፍራም ጥራዝ ያስገባል፤ ያልፋል። የሌለው ደብዳቤ ይዞ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሕጉ በእርግጥ ይመለከትህ እንደሆነ ጠይቅ። በብዙ አገር የእርሻ ኩሬ ነፃ ነው።

---

ገምጋሚዋ

ባለ መስኩ፣ እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን የሚያይ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። ያንተ አካባቢ ኮሚቴ አይደለም። ጥያቄዎቹን ግን ሳነብ አንድ በአንድ አወቅኋቸው። ሊያጉላሉህ አይደለም።

ረግረግ ውስጥ ኩሬ ስትቆፍር ውሃ አትጨምርም። ውሃው ድሮም እዚያው ነው፤ አፈሩ ይዞታል። አንተ የምታደርገው አፈሩን ማውጣት ነው። ጎርፍ ሲመጣ የሚያዘገየው፣ ደለሉንና ከማሳ የሚታጠበውን ማዳበሪያ የሚያጣራው ደግሞ ያ አፈርና በላዩ የበቀለው ሥር ነው። እነሱ ሲወጡ የሚቀርህ እስከ አፉ የሞላ ጉድጓድ ነው። የሞላ ጉድጓድ ተጨማሪ ጎርፍ አይቀበልም። ብዙ አመልካች «ኩሬዬ ጎርፍ ይይዛል» ብሎ ይጽፋል። ጉድጓዱ ከከርሰ ምድር ውሃ በታች ከሆነ ግን ዝናቡ ከመምጣቱ በፊትም ሙሉ ነው፤ ምንም አይይዝም።

መሬቱ ረግረግ መሆኑን የሚያረጋግጡልህ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ውሃው፣ አፈሩና ዕፅዋቱ። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት መመሪያ ሦስቱንም አንድ ላይ ይፈትሻሉ፤ ሌሎችም ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። አፈሩን ለማየት ባለሙያ አያስፈልግህም። አካፋ ይዘህ ውረድ። ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍርና አንድ ጓል አውጥተህ በእጅህ ስበረው። ውስጡ ግራጫ ነው? ሥር ባለፈበት መስመር ደግሞ ዝገት የመሰለ ብርቱካንማ ክር ይታያል? እንዲህ ከሆነ አየር አጥቶ የኖረ አፈር ነው። አፈር ውስጥ ያለው ብረት ኦክስጅን ሲያጣ ይሟሟና ቀለሙን ይለቃል። ሥር ትንሽ አየር ይዞ ሲወርድ ደግሞ በሥሩ ዙሪያ ይዝጋል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣብህማ መጠራጠር አያስፈልግም። ውሃውን በተመለከተ በዚያው በአሜሪካ የሚሠራበት መለኪያ ዕፅዋት በሚያድጉበት ወቅት ውሃው ከምድር ገጽ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 14 ተከታታይ ቀን መቆየቱ ነው፤ ያም ከ10 ዓመት ቢያንስ በ5ቱ።

«ለምን እዚያ?» የሚለውን ቀላል ጥያቄ አድርገህ አትየው። የግምገማው ግማሹ እሱ ነው። ቅደም ተከተሉ በብዙ ቦታ አንድ ነው፦ ጉዳቱን ማስወገድ ከቻልክ አስወግድ፤ ካልቻልክ ቀንስ፤ የቀረውን ደግሞ በሌላ ቦታ ተካ። ዘለህ ሦስተኛው ላይ መድረስ የለም። «ረግረጉን አጥፍቼ ሌላ ቦታ ሠርቼ እተካለሁ» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቀድሞ ነገር ለምን ታጠፋዋለህ?» ተብሎ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤውን ከመመለስህ በፊት ራስህን ጠይቅ። የምትፈልገው ውሃ ነው ወይስ እዚያ ቦታ ላይ ያለ ውሃ? ውሃ ከሆነ ከረግረጉ ወጣ ብሎ፣ ከፍ ባለው ዳር ላይ ኩሬ የሚይዝ ቦታ አለህ?

---

ነፃ ባለይዞታ

እህቴ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ረግረግን ለመጠበቅ የወጣው የራምሳር ስምምነት ራሱ ሰው ሠራሽ ውሃንም ይጨምራል። እስከ 8 ሄክታር የሚደርሱ የእርሻ ኩሬዎች በዝርዝሩ ውስጥ በስም አሉ። ታዲያ ረግረግን በረግረግ ቢለውጥ ምን ጠፋ?

---

የእንቁራሪት ወዳጅ

ይህን እኔ ልመልስ፤ ሥራዬ ስለሆነ።

ልክ ነህ፣ ራምሳር ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራኗ ራምሳር ከተማ ሲፈረም ረግረግን፣ ጨቀጨቅን፣ ኩሬን፣ የባሕር ዳርን ሳይቀር በአንድ ስም አቅፏል። በውቅያኖስ ዳር ውሃው ሲሸሽ ከ6 ሜትር የማይጠልቀውንም ይጨምራል። ይህ ማለት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ ማለት አይደለም።

ቄጠማ የሞላበት ቦታ ውሃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው። ከዳር እስከ መሃል በጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ዕፅዋቱ ይለዋወጣል። አንዱ ዝርያ እዚህ ይራባል፤ ሌላው ሁለት እርምጃ አልፎ። ብዙ ቦታ በደረቁ ወቅት ውሃው ይጎድላል። ለእንቁራሪት ይህ መጉደል ጥቅም ነው። ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ውሃ ዓሣ ያኖራል፤ ዓሣ ደግሞ የእንቁራሪትን እንቁላልና እጭ ይበላል። «ለእንቁራሪቱም ይጠቅማል» ብለህ 2 ሜትር የሚጠልቅ ኩሬ ቆፍረህ ዓሣ ብትለቅበት አብዛኛውን የእንቁራሪት ልጅ ታጣለህ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ።

ዓሣው የአካባቢው ዝርያ ካልሆነ ደግሞ ጭንቀቱ ይብሳል። ረግረግ ጎርፍ የሚተኛበት ቦታ ነው። ጎርፍ በመጣ ቀን ኩሬው ከወንዙ ጋር ይገናኛል፤ ዓሣው ይወጣል። አንዴ ወንዝ ከገባ መልሶ የሚሰበስበው የለም።

ዓሣው ራሱም አይመቸውም። የረግረግ አፈር በበሰበሰ ዕፅዋት የተሞላ ነው። ኩሬው ውስጥ መበስበሱ ይቀጥልና ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ላዩን አረንጓዴ ሽፋን ይይዘዋል፤ ከታች አየር ያጥረዋል። ሌሊት ኦክስጅኑ ይወርድና ጠዋት ዓሣው አፉን ከፍቶ ላይ ላይ ታየዋለህ። ሞቃታማ ወቅት ሲሆን በብዛት ይሞታል።

ስለ ካርቦኑም አንድ ነገር ልበል። አፈሩ ጥቁር፣ ቀላልና እንደ ስፖንጅ የሚጨመቅ ከሆነ ፒት ይባላል። ፒት የምድርን የብስ 3 በመቶ ያህል ብቻ ይሸፍናል፤ ግን በአፈር ውስጥ ካለው ካርቦን ሲሶ የሚጠጋውን ይዟል። ውሃ ውስጥ እስካለ አይበሰብስም። ቆፍረህ ክምር ስታደርገው አየር ያገኘዋል፤ ሺህ ዓመታት የተጠራቀመው በዓመታት ውስጥ ወደ አየር ይወጣል።

---

ቀያሹ

ኮሚቴው «አፈሩ የት ይሄዳል?» ያለው በከንቱ አይደለም። እስቲ አብረን እናስላው።

20 በ15 በ2 ብለህ ብታባዛ 600 ሜትር ኩብ ይመጣል። ነገር ግን ጎኑን ቀጥ አድርገህ መቁረጥ አትችልም፤ ይናዳል፤ ሰውም ከብትም ገብቶ አይወጣም። 1 ሜትር ሲወርድ 3 ሜትር ወደ ጎን የሚሄድ ተዳፋት ስጠው። ያኔ የወለሉ ስፋት 8 ሜትር በ3 ሜትር ብቻ ይሆናል። ጠቅላላ ቁፋሮው ወደ 276 ሜትር ኩብ ይወርዳል። በንድፍህ ላይ የትኛውን እንዳሰብክ አይታወቅም፤ ለዚህ ነው የጎን ቁራጭ ንድፍ የሚጠይቁህ።

አፈር ከተቆፈረ በኋላ ይነፋል። ሩብ ያህል ጨምርበት፤ 345 ሜትር ኩብ። 10 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ 35 ምልልስ ገደማ ነው፤ ያውም ጭቃ ጭኖ። «እዚያው ዳር ዳሩን እበትነዋለሁ» ካልክ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር አድርገህ ስትበትነው 1,150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ኩሬህ 300 ካሬ ሜትር ነው። በኩሬው ከምታጠፋው ረግረግ በአራት እጥፍ የሚጠጋ ረግረግ በአፈር ቀበርክ ማለት ነው።

ይህን ስሌት ራስህ ሠርተህ ደብዳቤው ላይ ካስቀመጥከው ግማሹ ጥያቄ ያንኑ ቀን ይዘጋል።

---

ኦፕሬተሩ

ኤክስካቫተር ላይ ነው የኖርኩት። ባለ መስኩ፣ ወረቀቱን ሌሎች ይንገሩህ፤ እኔ የመሬቱን ልንገርህ።

ረግረግ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ከታች የሚመጣ ውሃ ነው። አንዳንዱ ግን ከሥሩ የሸክላ አፈር ድርብርብ ስላለ ነው ውሃ የሚይዘው። ድርብርቡ ወፍራም ላይሆን ይችላል። ከበታቹ አሸዋ ወይም ጠጠር ካለና ባልዲው ያንን ሸክላ ከበሳው አለቀ። የገንዳ ውታፍ እንደ መንቀል ነው። ኩሬም አታገኝ፣ ረግረጉም ይደርቃል። መልሶ መድፈን በጣም ከባድ ነው። ውሃ እየፈሰሰበት ሸክላ መጠቅጠቅ አይቻልም።

ስለዚህ ማንም ኦፕሬተር «ግባና ቆፍር» ቢልህ እንኳ ከታች ምን እንዳለ ሳታውቅ አትጀምር። በእጅ መሰርሰሪያ ቀጭን ጉድጓድ ይወርዳል፤ የሚወጣውን አፈር በቅደም ተከተል ሸራ ላይ ትደረድራለህ። ታያለህ፤ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ሸክላ፣ አሸዋ። ስትጨርስ የሰረሰርከውን ጉድጓድ በቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ ዓይነት) ወይም በጥሩ ሸክላ ድፈነው። እንዲያው ክፍቱን ትተኸው እንዳትሄድ።

ማሽኑም ራሱ ጉዳት ነው። ሰንሰለቱ የሄደበት ቦታ አፈሩ ይጨመቃል፤ ጎድጓዳ መስመር ይቀራል። መስመሩ ውሃ ያቁራል፤ ትንኝ ይራባበታል። አዳኝ ነፍሳትና ዓሣ ካሉበት ቋሚ ውሃ ይልቅ እንዲህ ባለ የጎማና የሰንሰለት ፋና ውስጥ ነው ብዙ እጭ የማየው። ስለ ወባ የሚጨነቅ ጎረቤት ካለህ ይህን አስቀድመህ መልስ፦ ማሽኑ ከደረቁ ዳር ሆኖ ረጅም ክንዱን ዘርግቶ ይሠራል፤ የግድ መግባት ካለበት የእንጨት ምንጣፍ ተነጥፎ ነው። ሥራው በደረቁ ወቅት ይሁን። የሚወጣውን ጭቃ ውሃ ፓምፕ አድርጎ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ የለም። ሣር ላይ ተለቆ ወይም ደለል በሚይዝ ከረጢት አልፎ ነው።

---

የታች ጎረቤት

ባለ መስኩን አላውቀውም፤ ግን ከእንዲህ ያለ ኩሬ በታች የምኖር ሰው ነኝ። የእኔም ወገን ይሰማ።

ከእኔ በላይ አንድ ባለመሬት ረግረግ ውስጥ ኩሬ ቆፈረ። ውሃው እንዳይሞላበት ብሎ መውጫ ቦይ ቀደደለት። ቦዩ ከረግረጉ ወለል ዝቅ ብሎ ነው የተቆረጠው። ኩሬው አልሞላም፤ እውነት ነው። ግን ዙሪያውን ያለው ረግረግ ውሃ በሙሉ በዚያ ቦይ ወረደ። ዝናብ በመጣ ቁጥር በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ይለቀቃል፤ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ድሮ እስከ ደረቁ ወቅት መጨረሻ የሚዘልቀው ቀጭን ምንጭ ይቆማል። ከእጅ ጉድጓዴ ውሃ ለማግኘት ገመድ መቀጠል ነበረብኝ።

ማንም አልጠየቀኝም። አቤት የምልበት ጊዜ እንኳ አልነበረም፤ የሰማሁት ማሽኑ ሲመጣ ነው። ስለዚህ «ጎረቤት ይጠየቅ» የሚለው ደንብ ለእኔ ቢሮክራሲ አይደለም። እባክህ፣ መውጫው ስንት ከፍታ ላይ እንዳለ በቁጥር ጻፍ። የበታችህ ሰው ማንበብ የሚፈልገው እሱን ነው።

---

ነፃ ባለይዞታ

የታች ጎረቤት፣ በእርግጥ ያሳዝናል። እንዲህ ያለውን የሚደግፍ የለም።

ቢሆንም ጥያቄዬ ይቆይልኝ። በአሜሪካ የንጹሕ ውሃ ሕግ የእርሻና የከብት ኩሬ መሥራት ከፈቃድ ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ሳኬት በተባሉ ባለመሬቶች ጉዳይ የፌዴራሉን ሥልጣን በጣም አጥብቧል። ሌላው ዓለም ሲያላላ እኛ ለምን እናጠብቃለን?

---

ገምጋሚዋ

ጥሩ አነሳኸው፤ ግን ሁለቱም ላይ ቀሪ ነገር አለ።

የእርሻ ኩሬው ነፃነት እውነት ነው። እዚያው ሕግ ውስጥ ግን መልሶ የሚይዝ አንቀጽ አለው። ሥራው ውሃውን ከዚህ በፊት ላልነበረ አገልግሎት የሚያውለው ከሆነና የውሃውን ፍሰት ካወከ ወይም ስፋቱን ከቀነሰ ነፃነቱ ይቀራል፤ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማለትም «እርሻ» የሚለው ቃል ብቻውን አያስመልጥም።

የ2023ቱ ውሳኔ ደግሞ የገደበው የፌዴራሉን መንግሥት ነው። ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ጋር በላይ በኩል ቀጥታ የውሃ ግንኙነት የሌለው ረግረግ ከፌዴራሉ ሕግ ወጣ። የክልልና የከተማ ሕግ ግን ባለበት ነው። ማሳቹሴትስን እንይ። እዚያ ከ3 እስከ 7 አባላት ያሉት የከተማ ጥበቃ ኮሚሽን ነው የሚገመግመው። ማመልከቻው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ክፍት ስብሰባ መክፈት አለበት፤ ስብሰባው ከተዘጋ በኋላ በሌላ 21 ቀን ውሳኔ ይሰጣል። ከረግረጉ ጠርዝ 100 ጫማ፣ 30 ሜትር ገደማ ድረስ ያለውን ሥራ ይመለከታል። ኡጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ደንብ ረግረግን ለመጠቀም ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ለቤት ውሃ መቅዳትንና ደንገል ማጨድን የመሰለውን ባህላዊ አጠቃቀም ግን ነፃ አድርጋለች። ይህን ልዩነት እወደዋለሁ። የሚቀዳውን ሰው አይከለክልም፤ አፈሩን የሚያወጣውን ነው የሚጠይቀው።

ገንዘብ የሌለው ሰው ይጎዳል ያልከው ግን ልክ ነው። ይህን አልክድም። ጥሩ ኮሚቴ አመልካቹ ራሱ ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። የባለ መስኩ ደብዳቤ ላይ ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአካፋ፣ በሜትርና በውሃ ልክ የሚመለሱ ናቸው። ለ300 ካሬ ሜትር ኩሬ የኮምፒዩተር ሞዴል የሚጠይቅ ኮሚቴ ካለ እኔም እቃወመዋለሁ።

---

ባለ መስኩ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

አካፋ ይዤ ወረድኩ። መሃል ላይ ልክ እህቴ እንዳለችው ነው፤ ግራጫ ጓል፣ ብርቱካንማ ክር፣ ሽታው ሳይቀር። ከዚያ ወደ ላይ እየወጣሁ ቆፈርኩ። ቄጠማው አልቆ ተራ ሣር የሚጀምርበትን መስመር አልፌ ስሄድ አፈሩ ቡናማ ሆነ፤ ያ ክር የለም። እዚያ ላይ 1 ሜትር ያህል ወርጄ ሸክላ አገኘሁ። እርጥብ አድርጌ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣቴ መሃል ስገፋው ረጅም ጥብጣብ ሆኖ ይወጣል፤ ከመበጠሱ በፊት ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልፋል።

ከዚያ ቦታ በላይ ተዳፋት አለ። የዝናብ ውሃ ከዚያ ተሰብስቦ ወደ ረግረጉ ይወርዳል። ኩሬውን ወደዚያ ባወጣውስ? ዓሣውን ትቼዋለሁ። ከብቶቹና አትክልቱ ይበቁኛል። ኮሚቴው ይቀበለዋል? ከረግረጉ ከወጣሁ ፈቃድ ራሱ ያስፈልገኛል?

---

ቀያሹ

በጣም ጥሩ ነው የሠራኸው። ጥብጣቡ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሸክላው ብዙ ነው ማለት ነው፤ ውሃ ይይዛል። የተቆፈረው አፈርም ከንቱ አይሄድም፤ ሸክላው ለግድቡ ይሆናል። በቀጭን በቀጭን እየደረብክ፣ በመጠኑ እርጥብ ሆኖ እያለ ጠቅጥቀው። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻው አስቀምጥና መጨረሻ ላይ ግድቡን አልብሰው፤ ሣር ይይዝልሃል። ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ማስተንፈሻ ግድቡ ላይ ሳይሆን ከግድቡ ጫፍ ወጣ ብሎ ባልተነካ መሬት ላይ አድርገው። ውሃ በአዲስ ግድብ ላይ አልፎ ከሄደ ቆርጦ ይጥለዋል።

---

ገምጋሚዋ

ፈቃድ የሚያስፈልግህ ይመስለኛል። ብዙ ቦታ ከረግረጉ ጠርዝ ጀምሮ የተወሰነ ርቀት መከለያ ቀጠና አለ። ርቀቱን ከደብዳቤው ጸሐፊ ጠይቅና ጠርዙን ችካል ተክለህ ለካ። ግን ጥያቄው ከእንግዲህ «ለምን ታጠፋዋለህ?» አይደለም፤ «እንዳትነካው ምን ታደርጋለህ?» ነው። ሌላ ውይይት ነው።

አንድ ነገር ግን አትዘንጋ። ያ ከተዳፋቱ የሚወርደው ውሃ ረግረጉን የሚያጠጣው ነው። ኩሬህ መሃል ቆሞ ሁሉንም ከያዘው ረግረጉን ሳትነካው ታስጠማዋለህ። ስለዚህ ኩሬው ከሞላ በኋላ ትርፉ በአንድ ቦይ ሳይሆን ሰፋ ባለ ሣር ላይ ተበትኖ ወደ ረግረጉ እንዲመለስ አድርግ። ከተዳፋቱ ውሃ የምትይዘው በከፊሉ ብቻ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይቀበሉሃል። ይህን በንድፉ ላይ በቀስት አሳይ።

ከብቶቹ ኩሬው ውስጥ አይግቡ። ዳሩን ይረግጡታል፤ ግድቡን ያፈርሱታል፤ ውሃውንም ያበላሹታል። አጥረህ በቧንቧ ወደ ታች ገንዳ አውርድላቸው። ልጆች ባሉበት ቦታ አጥሩ ለእነሱም ነው። የኩሬውን ዳር ደግሞ በጣም ለስላሳ ተዳፋት አድርገው፤ የገባ ሰው በእግሩ ይወጣል።

ደብዳቤውን ስትመልስ ጥያቄያቸውን እንዳለ ገልብጠህ ከሥሩ መልሱን ጻፍ። ተራቸውን አትቀይር። የመጀመሪያውን ቦታ ለምን እንደተውከው ከአፈሩ ፎቶ ጋር አስገባ፤ ሜትሩ ፎቶው ውስጥ ይታይ። ክፍት ስብሰባ ካለ ከስብሰባው በፊት የበታችህን ሰዎች ሄደህ አነጋግር። ንድፉን ሳሩ ላይ ዘርግተህ መውጫው የት እንደሆነ አሳያቸው። ስብሰባው ላይ የሚቆጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጣው መጨረሻ ስለሰማ ነው።

---

የታች ጎረቤት

ይህን በማንበቤ ደስ ብሎኛል። የእኔ ጎረቤት እንዲህ ቢመጣ ኖሮ ቁፋሮውን አብሬው እሠራ ነበር።

---

ነፃ ባለይዞታ

ባለ መስኩ ራሱ በአካፋው መለሰው፤ ይህ ልቤን ደስ አሰኝቶታል። ኮሚቴዎች ግን ለአመልካች በመጀመሪያው ቀን ይህን የመሰለ ቀላል ወረቀት ቢሰጡ ምን ነበረበት? «አፈርህን እንዲህ እይ፣ ቁፋሮውን እንዲህ አስላ» የሚል። ሰው እዚህ መጥቶ መጠየቅ አይገባውም ነበር።

---

ገምጋሚዋ

በዚህ ሙሉ በሙሉ ካንተ ጋር ነኝ። ያለሁበት ኮሚቴ ላይ አነሳዋለሁ፤ ቀያሹ ከፈቀደልኝ ስሌቱን ወስጄ።

---

ቀያሹ

ውሰጂው እህቴ፤ የማንም አይደለም።

---

ባለ መስኩ

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የከርሰ ምድር ውሃው በየወቅቱ የሚለውን እንዴት ልለካ? ለአዲሱ ቦታም ይጠይቁኛል ብዬ እገምታለሁ።

---

ቀያሹ

ይጠይቁሃል። ቀላል ነው። አፉ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የፕላስቲክ ቱቦ ግዛ። ታችኛውን ግማሽ በመጋዝ ቀጫጭን አድርገህ ጨርጭረው፤ ጫፉን ድፈን። በእጅ መሰርሰሪያ ያወረድከው ጉድጓድ ውስጥ አቁመውና ዙሪያውን አሸዋ ሙላ። ላይኛውን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ግን በሸክላ ጠቅጥቅ፤ አለዚያ የዝናብ ውሃ በቱቦው ጎን ወርዶ ያታልልሃል። አንዱን ረግረጉ ዳር፣ ሌላውን አዲሱ ኩሬ ቦታ ላይ ትከል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ነው ውሃው ወደየት እንደሚያዘነብል የሚታወቀው። ረግረጉ ዳር ያለው ቱቦ ሸክላውን እንዳይበሳ ግን ከ1 ሜትር በላይ አታውርደው።

በየሳምንቱ በአንድ ቀን ለካ። ከቱቦው አፍ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ወስደህ ከመሬት በላይ የተረፈውን የቱቦ ቁመት ቀንስ። ቀኑን፣ ቁጥሩንና በዚያ ሳምንት ዝናብ መኖር አለመኖሩን ጻፍ። ቢያንስ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ጀምረህ እስኪያበቃ ድረስ ቀጥል። ኮሚቴው ያን ያህል መጠበቅ ካልፈለገ ያለህን ንባብ አስገባና ቀሪውን ከፈቃዱ ጋር እንደ ግዴታ እንዲያስቀምጡት ጠይቅ።

ቱቦው አናት ላይ ክዳን አድርግበት።